6.2 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሙዝ፦ ገዢው ምን ይረከባል?

የጣሊያናዊው አርቲስት ማውሪዚዮ ካቴላን «ኮሜዲያን» የተባለው የጥበብ ሥራ፣ ማለትም ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ሙዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ኒውዮርክ ውስጥ በሶዘቢስ ጨረታ የተሸጠው ከነኮሚሽኑ 6.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ገዢው የሚረከበው አንድ ሙዝ፣ አንድ ጥቅል ብርማ ፕላስተር፣ የአሰቃቀል መመሪያና ሰርተፍኬት ነው። ገንዘቡ የተከፈለው ለሰርተፍኬቱ ነው፤ እሱ ከሌለ የቀረው የጉልት ሸቀጥ ነው።

አሰቃቀሉ አያስቸግርም። ከወለሉ 175 ሴንቲ ሜትር ለክቶ ሙዙን በአንድ ቁራጭ ፕላስተር ግድግዳው ላይ ማጣበቅ፣ ከዚያም በየ7 እስከ 10 ቀኑ መቀየር። ብዙ ከቆየ ይጠቁራል፣ ልጣጩም ይላላል። ስለዚህ ጠንከር ያለ፣ ገና ቢጫ እየሆነ ያለ ሙዝ ይመረጣል።

ትልቁ ጣጣ በላተኛ ነው። በ2019 ማያሚ ላይ አንድ አርቲስት በላው። በ2023 ደግሞ ሴኡል ከተማ ባለ አንድ ሙዚየም ውስጥ አንድ ተማሪ «ቁርስ ስላልበላሁ ነው» ብሎ ከጨረሰው በኋላ ልጣጩን መልሶ ለጠፈው (ቢያንስ ፕላስተሩን አላባከነም)። የ2024ቱ ገዢ ራሱ ሆንግ ኮንግ ላይ ጋዜጠኛ ሰብስቦ ገምጦታል። ሥራው በዚህ ሁሉ ምንም አልሆነም፤ ሌላ ሙዝ መግዛት ነው። በጥገና ወጪ ርካሽነት ተወዳዳሪ የለውም፤ በመሸጫ ዋጋው ግን ዓይን ያወጣ ነው።