የወረቀት ጌጥ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለእንቁጣጣሽ፦ የቱን መቁረጫ ማሽን ልግዛ ለምትሉ

ባለፈው ገና ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ያቆምኩትን የወረቀት ፋሲል ግንብ ያየ ሰው ሁሉ ሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ በምን ቆረጥሽው? በማሽን ነው ስል ደግሞ ወዲያው ሚከተለው፣ የቱ ይሻላል፣ ስንት ነው ሚፈጀው፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ ለጥምቀት ስትመጣ የቱን ታምጣልኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጭ ብዬ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት ንጽጽሮች አብዛኞቹ ሚያወሩት ማሽኑ ስንት አይነት ነገር ይቆርጣል ነው፣ ቆዳ ይቆርጣል፣ እንጨት ይቆርጣል፣ ጨርቅ ይቆርጣል። እኛ እኮ ምንሰራው ወረቀት ነው! ወረቀት ለመቁረጥ ጉልበት አይቸግርም። ጎንደር ሆኖ ማሽን ሚገዛ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፣ ኔት ሲጠፋ ይሰራል ወይ፣ የማጠፊያ መስመር ያወጣል ወይ (ወረቀቱን ሳይቆርጥ ጫር አድርጎ ሚታጠፍበትን ቦታ ማውጣት ማለት ነው)። ዋጋውን ከዛ በኋላ ጠይቁ።

የማጠፊያ መስመሩ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀኝ ልንገራችሁ። ግድግዳ ላይ ሚለጠፍ ጠፍጣፋ ኮከብ ከሆነ መቁረጥ ብቻ ይበቃዋል። ቆሞ ሚታይ ነገር ግን፣ ቤት በሉት፣ ፋኖስ በሉት፣ ሲከፈት ከውስጡ ብድግ ሚል ካርድ በሉት፣ ሙሉ ውበቱ እጥፋቱ ላይ ነው ያለው። የፋሲልን ግንብ አስቡት፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ያሉት ማማዎች ክብ ናቸው፣ አናታቸው ደግሞ ጉልላት ነው። ክቡን ከወረቀት ለማውጣት አንዱን ቁራጭ በየ4 ሚሊ ሜትሩ ቀጥ ያለ መስመር አስጭሬበት ነው ምጠቀልለው፣ ጉልላቱን ደግሞ እንደ አበባ ቅጠል 8 ቦታ አስቆርጬ ጫፍ ለጫፍ አያይዘዋለሁ። ይሄን በእጅ በማስመሪያ ልጫረው ብትሉ ለአንድ ግንብ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላችኋል። ሳይጫር ካጠፋችሁት ደግሞ 200 ግራሙ ወረቀት (ግራም ሲባል የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው፣ ሲጨምር ወረቀቱ ይወፍራል) ይሰነጠቃል፣ ከላይ ብቻ ቀለም ያለው ከሆነማ ውስጡ ያለው ነጭ ወጥቶ ያስጠላል።

እሺ ወደ ማሽኖቹ። ብዙ ሰው ስሙን ሚያውቀው ክሪከት ሚባለውን ድርጅት ነው፣ ከማሽኖቹ ውስጥ ደግሞ ሁሌ ሚነጻጸሩት ኤክስፕሎር 3 እና ሜከር 3 ናቸው። ሁለቱም የወጡት በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሲወጡ ኤክስፕሎሩ 299 ዶላር ሜከሩ 399 ዶላር ነበሩ፣ ሁለቱም 30 በ30 ሴንቲ ገደማ የሆነ ማት ይጠቀማሉ (ማት ማለት ወረቀቱ ሚለጠፍበት ሙጫ ያለው ምንጣፍ ነው)። ታዲያ መቶ ዶላሩ ለምን ተጨመረ ካላችሁ በዋናነት ለጉልበት ነው። ሜከሩ ምላጩን እስከ 4 ኪሎ በሚደርስ ጉልበት ይጫነዋል፣ ከኤክስፕሎሩ 10 እጥፍ ማለት ነው፣ ጨርቅም ስስ እንጨትም ይቆርጣል። ለ200 ግራም ወረቀት ግን ይሄን ሁሉ መክፈል ሽንኩርት በመጥረቢያ መክተፍ ነው።

ማጠፊያው ላይ ግን ልዩነት አላቸው፣ እዚህ ጋ ልብ በሉ። ኤክስፕሎሩ ሚቀበለው እንደ እስክሪብቶ ያለውን መጫሪያ ብቻ ነው። ሜከሩ እሱንም ይቀበላል፣ በተጨማሪ ለብቻው ሚሸጥ የመጫሪያ ጎማ አለው፣ ጎማው ጠበቅ አድርጎ ስለሚጫን ወፍራም ወረቀት ላይ መስመሩ በጣም ያምራል፣ እውነቱን ለመናገር አስቀንቶኛል። ችግሩ ጎማው ሚገባው ምላጩ ቦታ ላይ ስለሆነ ማሽኑ ጭሮ ሲጨርስ ይቆምና ጎማውን አውጥታችሁ ምላጩን እስክታስገቡ ይጠብቃል። እስክሪብቶው ግን ሌላኛው ማቀፊያ ላይ ስለሚቀመጥ ሁለቱንም አንዴ አስገብታችሁ ትታችሁት ቡና ማፍላት ትችላላችሁ። መብራት መቼ እንደሚሄድ በማይታወቅበት ቀን ሳይቆም ቶሎ ሚጨርሰው ይሻለኛል፣ ምክንያቱም መሀል ላይ መብራት ከሄደ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ያ ወረቀት አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ለወረቀት ብቻ ከሆነ እኔ ኤክስፕሎርን ነው ምለው። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ አራተኞቹ ስለወጡ ሶስተኞቹን ቅናሽ ላይ ማግኘት ይቻላል፣ ሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ንገሩት።

ጆይ ሚባለው ትንሹ ክሪከት ቆንጆ ነው፣ 2 ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ግን ሚቆርጠው ስፋት 11 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ማጠፊያም አይጭርም። ከፍ ያለው ጆይ ኤክስትራ ኤ ፎር ይወስዳል፣ እሱም አይጭርም። ለስም ካርድ እና ለስቲከር እሺ፣ ለግንብ ግን እርሱት።

አሁን ወደ ኔት ጉዳይ። ክሪከት ሚሰራው ዲዛይን ስፔስ በሚባል የራሱ ሶፍትዌር ነው፣ አካውንት ይፈልጋል፣ ማሽኑን መጀመሪያ ለማስነሳትም ኔት ግድ ነው። ኮምፒውተር ላይ እና አይፎን ላይ ፕሮጀክቱን ቀድማችሁ ካወረዳችሁት ያለ ኔት መቁረጥ ይቻላል፣ አንድሮይድ ላይ ግን ያ ነገር የለም። እኔ ይሄን የተማርኩት በመጥፎ ቀን ነው። ገና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ታህሳስ 27 ማታ፣ 40 ካርድ ታዝዣለሁ፣ ሲከፈት የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ብቅ ሚሉበት፣ ፋይሉን አስተካክዬ ጨርሻለሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን አላወረድኩትም። ዳታው ጠፋ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጠብቄ እምቢ ሲል የእህቴን ልጅ ቀስቅሼ በከተር እና በማስመሪያ ጀመርን፣ ሲነጋ 17 ነበር የደረሰው፣ የቀረውን በይቅርታ ቀነስኩ። ጥፋቱ የኔው ነው፣ ማውረድ ነበረብኝ። ግን ጥፋት ሚያሰራ እና ማያሰራ ማሽን አለ። በዛ ላይ መጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ የራሳችሁን ፋይል በነጻ መጫን ምትችሉት በወር 20 ብቻ ነው ብሎ አስታውቆ ነበር፣ ተጠቃሚው ሲጮህበት ነው የተወው። ዕቃው ቤታችሁ ሆኖ ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ እንደማለት ነው።

ለዚህ ነው ሌላውን የመቁረጫ ማሽን ድርጅት፣ ሲሉዌትን፣ ማነሳው። ካሜዮ 4 ስፋቱ ከኤክስፕሎር ጋር እኩል ነው፣ ፖርትሬት 3 ደግሞ 20 ሴንቲ ይቆርጣል፣ ማለትም ኤ ፎር ገብቶበት ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ይቀራል። ሲሉዌት ስቱዲዮ ሚባለው ሶፍትዌሩ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይጫናል፣ ከዛ በኋላ ኔት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም፣ ይሄ ብቻውን ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ግን በነጻ ሚሰጠው እትም ኤስ ቪ ጂ ፋይል (ብዙ ዝግጁ ዲዛይን ሚመጣበት የፋይል አይነት) አይከፍትም፣ ለሱ ከፍ ያለውን እትም መግዛት አለባችሁ፣ አንዴ ነው ሚከፈለው። ክሪከት ደግሞ ኤስ ቪ ጂን በነጻ ይቀበላል። ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ኢንክስኬፕ ሚባለውን ነጻ ፕሮግራም አውርዳችሁ ፋይሉን ዲ ኤክስ ኤፍ ወደሚባል ሌላ የፋይል አይነት መቀየር ትችላላችሁ፣ እሱን ነጻውም ይከፍተዋል፣ ትንሽ ያለፋል ግን ይሰራል። እጥፋቱን ደግሞ መስመሩን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ በማስበሳት ነው ምወጣው። ፋኖስ ላይ ውስጡ መብራት ሲበራ ቀዳዳዎቹ ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ መጀመሪያ ጉድለት መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ደንበኛ ሆን ብለሽ ነው ወይ ብሎ ወደደው። ካርድ ላይ ግን የተጫረውን አያህልም።

ብራዘር ስካን ኤን ከት ሌላ አለም ነው። ኮምፒውተርም ስልክም አይፈልግም፣ ራሱ ላይ ስክሪን እና ስካነር አለው። በእጅ የሳላችሁትን ነገር ታስገቡና አንብቦ ዙሪያውን ይቆርጠዋል። እንቁጣጣሽ ላይ ልጆች ሚስሉትን አበባ አስቡት፣ ያንኑ ስዕል አስገብታችሁ ከቢጫ ወረቀት 50 አደይ አበባ ማውጣት ነው። በእጁ ሚስል ሰው ካላችሁ፣ ጎንደር ደግሞ ሰዓሊ አይጠፋም፣ የመስቀሉን ሐረግ በእስክሪብቶ ይሳልላችሁ፣ የቀረውን ማሽኑ ይጨርሰዋል። ውድ ነው፣ ከባድም ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፣ አሜሪካ ሚሸጠው 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220 ስለሆነ በቀጥታ ሰክታችሁ እንዳታቃጥሉት፣ ከአውሮፓ ቢመጣ ይሻላል። ክሪከት ላይ አዳፕተሩ 100-240 ይላል፣ እሱ ችግር የለውም፣ ቢሆንም የማንኛውንም አዳፕተር ጽሁፍ ሳታነቡ አትሰኩ።

መብራት ጭራሽ ማይፈልገውን ደግሞ አልረሳሁትም። ሲዚክስ ቢግ ሾት በእጅ ሚዞር ነው፣ መዘውሩን እያዞራችሁ ብረት ቅርጹን ወረቀቱ ላይ ያስጨፈልቃል። ወፍራሙ ብረት ብዙ ወረቀት በአንዴ ይቆርጣል፣ ስለዚህ 200 አንድ አይነት አበባ ከሆነ ምትፈልጉት ኤሌክትሪኩን በፍጥነት ያስንቀዋል። ሰርግ ምታስጌጡ ሰዎች እሱን ብትገዙ አትጸጸቱም። ግን ለእያንዳንዱ ቅርጽ ብረት መግዛት አለባችሁ፣ ያለው ደግሞ የፈረንጅ ገና ነው፣ የበረዶ ኮከብ፣ አጋዘን፣ ኮፍያ ያደረገ የበረዶ ሰው። እኛ ክረምት ስንል ሐምሌ ነው ሚታየን፣ ገና ላይ ጎንደር ቀኑን ፀሐይ ነው፣ ማታ ብቻ ነው ብርዱ። በኤሌክትሪኩ ማሽን ዝግጁ ፋይል ሲሆን ቢያንስ ማስተካከል ይቻላል፣ እኔ የበረዶ ኮከቡን ስድስት ክንድ አራት አድርጌ መስቀል አውጥቼበታለሁ፣ አሁን ከሁሉም በላይ ሚሸጥልኝ እሱ ነው። ብረት ግን ብረት ነው፣ አይስተካከልም።

ስለ ወረቀትም ትንሽ፣ ምክንያቱም በማሽን ሚሳበበው ጥፋት ብዙው የወረቀት ነው። ለቤት እና ለግንብ ከ180 እስከ 220 ግራም፣ ለሚጠቀለል አበባ 120 አካባቢ ይበቃል፣ የፎቶ ኮፒውን 80 ግራም ለሙከራ ብቻ። ስቴሽነሪ ቤት ግራሙ ካልተጻፈበት አንዷን እጠፏትና እዩ፣ ከተሰነጠቀች ተዉት። ክረምት ላይ ወረቀት እርጥበት ይጠጣና ይለሰልሳል፣ ምላጩ ይጎትተዋል፣ ስለዚህ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ለግንቡ መስኮት ከኋላ ትሬሲንግ ፔፐር (ብርሃን ሚያሳልፍ ስስ ወረቀት) ለጥፉበት፣ ውስጡ ትንሿን የባትሪ አምፖል አድርጉ፣ ሻማ ግን በፍጹም፣ ወረቀት ነው እኮ።

ሁለተኛ እጅ ምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ላፕቶፑ ላይ አገናኝቶ አንድ ነገር ይቁረጥላችሁ፣ በርቷል ብቻ አይበቃም። ክሪከት ከሆነ በእናንተ አካውንት ይገናኝ፣ በሱ አይደለም።

ከውጭ ለሚመጣ ሰው ስታዝዙ ደግሞ ማሽን ብቻ አትበሉ። ማቱ አቧራ ሲጠጣ መያዙን ያቆማል፣ ጎንደር በበጋ አቧራው ይታወቃል። ለብ ባለ ውሃ እና በትንሽ ሳሙና ታጥቦ ሳይጠረግ ሲደርቅ ትንሽ ይመለሳል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ማለቁ አይቀርም። ሲላቀቅ ደግሞ ማቱን ገልብጣችሁ ማቱን ከወረቀቱ ላይ ላጡት፣ ወረቀቱን ከማቱ ከሳባችሁ ይጠቀለላል። ምላጭ ሲደነዝዝ የምግብ ፎይል አጨብጣችሁ ደጋግማችሁ ውጉበት፣ የተጣበቀበት ቁርጥራጭ ይወጣለታል። እኔ ዘንድሮ አክስቴን ያዘዝኳት 3 ማት፣ 2 ምላጭ እና አንድ መጫሪያ እስክሪብቶ ነው፣ ሻንጣዋ ውስጥ ከልብሱ ስር ጠፍጣፋ ብሎ ይገባል።