ታኑንዳ ላይ የበላሁት በግ እና የ2010ሩ ሺራዝ

ባለፈው ቅዳሜ ከአውስትራሊያዋ አደሌድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተን ወይን አብቃዩ ባሮሳ ቫሊ ገባን፣ ምሳ የያዝነው ታኑንዳ ያለች አንዲት ትንሽ ሬስቶራንት ነበር። የምወቅሳት ነገር ስላለ ስሟን አልጠራም። ምግቡን ቶሎ ልጨርሰው፣ ቀስ ብሎ የበሰለ የበግ ትከሻ ነው ያዘዝነው፣ ስጋው በማንኪያ ነው ከአጥንቱ የሚለቀው፣ ጨው ትንሽ በዝቶበታል ግን አሪፍ ነው። እኔን ግን ያስጻፈኝ ወይኑ ነው።

ሜኑው ላይ ከአንድ ማሳ የመጣ የአሮጌ ግንድ ሺራዝ አለ፣ ሺራዝ ማለት ቀይ ወይን የሚጠመቅበት የወይን ዘር ነው፣ አሮጌ ግንድ ደግሞ ያረጀ የወይን ተክል፣ የ2010 ምርትና የ2021 ምርት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ሁለቱንም በብርጭቆ ይሸጣሉ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ አሮጌውን ለማቅረብ እኮ አንድ ሰው ገንዘቡን ከአስር ዓመት በላይ ጠርሙስ ውስጥ አስሮ መጠበቅ አለበት።

አሮጌ ግንድ ሲባል የማስታወቂያ ቃል ለሚመስላችሁ፣ ባሮሳ ላይ ከ2009 ጀምሮ ደረጃ ወጥቶለታል፣ ከ35 ዓመት ይጀምርና 70፣ 100 እያለ ሄዶ 125 የሞላው የቅድመ አያት ግንድ ይባላል። እዛው ታኑንዳ በ1843 ተተክሎ ዛሬም የሚያፈራ የሺራዝ ማሳ አለ! ፊሎክሴራ የሚባለው ስር የሚበላ ተባይ የአውሮፓን ወይን ሲጨርስ፣ ጎረቤት ግዛት ቪክቶሪያ ድረስም ሲመጣ፣ ባሮሳ ያለችበት የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት አልገባም። ከተባይ የተረፈውን ደግሞ ሰው ሊጨርሰው ነበር፣ በ1980ዎቹ ወይን በዝቷል ተብሎ የግዛቱ መንግስት ግንድ ለሚነቅል ገበሬ ይከፍል ነበር፣ ይሄን ሳስብ አሁንም ያናድደኛል።

ወደ ብርጭቆው ልመለስ። የ2021ዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ነው፣ ገና ሲቀዳ ጥቁር እንጆሪና ፕሪም ይሸታል፣ ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬው ይመጣል፣ ከበርሜሉ የመጣ ቫኒላም አለው። ያረጀ ግንድ የሚይዘው ዘለላ ትንሽ ስለሆነ ጣዕሙ የታመቀ ነው። ግን ታኒኑ፣ ማለትም ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚመጣው አፍ የሚያጣብቅ ነገር፣ ድድ ያደርቃል፣ ከበጉ ስብ ጋር ሲሆን ነው የሚለዝበው፣ ለብቻው ገና ነው።

የ2010ሩን መጀመሪያ ሲያመጡልን ሞቆ ነበር፣ የሸተተኝ አልኮሉ ብቻ ነው፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ይሄን ያህል ዓመት የተጠበቀ ወይን እንዴት መደርደሪያ ላይ ይውላል? ሺራዝ 16፣ ቢበዛ 18 ዲግሪ ላይ ነው መጠጣት ያለበት። ጠርሙሱን በረዶ ውሃ ውስጥ አስቀምጡልን ብለን ሩብ ሰዓት ጠበቅን፣ ከዛ ሌላ ወይን ሆነ ነው የምላችሁ። ቀለሙ ዳር ዳሩን ወደ ሸክላ ሄዷል፣ ፍሬው ደርቆ እንደ ዘቢብ ሆኗል፣ ከስሩ ቆዳ፣ የትምባሆ ቅጠል፣ ዝናብ የመታው አፈር አለ። ታኒኑ አልጠፋም ግን ልዝብ ብሏል፣ በዓመታት ውስጥ ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ይከብድና አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። ለዚህም ነው ከመከፈቱ በፊት አንድ ቀን ቀጥ ብሎ መቆም፣ ከዛም አተላው ጠርሙሱ ውስጥ እንዲቀር ቀስ ተብሎ ወደ ዲካንተር፣ ማለትም ወደ ወይን ማቅረቢያ ማሰሮ፣ መገልበጥ ያለበት። እነሱ በቀጥታ ቀዱትና የጓደኛዬ ሁለተኛ ብርጭቆ ከነአተላው ደፍርሶ መጣ፣ ሳንከራከር ቀየሩልን፣ አስተናጋጇም ከልቧ ነው ይቅርታ የጠየቀችን።

ሁሉም ሺራዝ በመቀመጥ አያምርም፣ ዛሬ ለስላሳ ሆኖ የሚጠጣው ዛሬውኑ ይጠጣ። የሚቆየው ፍሬውም ታኒኑም ኮምጣጣነቱም አንድ ላይ ጠንካራ የሆነው ነው፣ የ2021ዱ ሶስቱም አለው፣ እኔ ከ2033 በፊት አልከፍተውም፣ በደንብ ከተያዘ 2045ን ያልፋል ባይ ነኝ። በደንብ ማለት ከ12 እስከ 15 ዲግሪ፣ ጨለማ፣ ሙቀቱ የማይዋዥቅ ቦታ፣ ቡሽ ከሆነ ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ ይተኛ።

የ2021ዱን ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ ወጣሁ። ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ፣ የቀነስኩት በሙቀቱና በአተላው ነው። ከሄዳችሁ የ2010ሩን ገና ስትቀመጡ እዘዙና በረዶ ውሃ ውስጥ ይግባልን በሉ፣ በጉ እስኪደርስ እሱም ይደርሳል።