ለአሮጌ መኪና የትኛውን ዋተር ፓምፕ ልግዛ?

የደከመ ዋተር ፓምፕ ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ፣ ከዚራና መጋላ ሲዞሩበት ላይታወቅ ይችላል። ደንገጎ ዳገት ላይ ግን ይለያል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳገቱ ወደ 2,000 ሜትር ይወስዳችኋል፣ ያውም ከነጭነቱ። ፓምፑ ውሃውን ካልገፋ ሞተሩ ይሞቃል፤ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ከተጣመመ ደግሞ ወጪው ከፓምፑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ፓምፑን ቤታችሁ ሆናችሁ ራሳችሁ ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ ከዋጋው በፊት የሚያዞረው የትኛው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) እንደሆነ እዩ። ፔጆ 404 እና 4ኬ ሞተር ያለው ኮሮላ ላይ ፓምፑ ከፊት ነው፤ የሚዞረው በፋን ቺንጋ ነው፣ ፋኑም እዚያው ላይ ይታሰራል። ውሃውን አፍስሳችሁ፣ ቺንጋና ፋን ፈትታችሁ ቡሎኖቹን ማውጣት ነው። ባለ 3ኤስ ሞተሩ የመጀመሪያው ራቭ4 ግን ፓምፑ የሚዞረው በታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እንቅስቃሴ በሚያገጣጥመው ቀበቶ ነው። እዚያ ለመድረስ ታይሚንግ ይፈታል፣ የታይሚንጉ ምልክቶችም እንደገና ይገጣጠማሉ። ርካሽ ፓምፕ ቢያፈስ ያ ሁሉ ሥራ ከዜሮ ይጀመራል።

ስለዚህ ለራቭ4 ምርጫዬ አይሲን ነው። አይሲን ለቶዮታ ፋብሪካ ራሱ ዕቃ የሚያቀርብ ድርጅት ስለሆነ፣ የቶዮታ ካርቶን ብቻ ብላችሁ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልጋችሁም። ጂኤምቢም ጥሩ ሁለተኛ ነው። ታይሚንግ ቺንጋውንም አብራችሁ ቀይሩት፤ አንዴ ከተፈታ አሮጌውን መልሶ ማሰር አያዋጣም።

ስም የሌለው ርካሽ ፓምፕ ፓምፑ ከፊት ለሆነ ሞተር ብቻ ሊታሰብ ይችላል፤ እሱም በእጅ ተፈትሾ። አሮጌውን ፓምፕ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ መሰል ክብ) የሚታሰርበትን ከፍታ በማስመሪያ ለኩ፤ ከተለያየ ቺንጋው ገደድ ብሎ ይሄድና ይበላል። ዘንጉን በጣት አዙሩት፦ ትንሽ ያዝ እያደረገ ለስለስ ብሎ መዞር አለበት፤ ያ መያዝ የዋተር ሲሉ፣ ማለትም ውሃ በዘንጉ በኩል እንዳይወጣ የሚያግደው ክፍል ነው። ወደ ጎን ስትነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ ወይም የመንኳኳት ስሜት ካለው ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) ደካማ ነው፣ መልሱት። ውሃውን የሚገፋው ክንፍም ከቀጭን ላሜራ የተቆረጠ ከሆነ ቶሎ በዝገት ይበላል፤ ወፍራም ተቀልጦ የተሠራውን እመርጣለሁ።

ያገለገለ ፓምፕ አልመክርም። መደርደሪያ ላይ ደርቆ የቆየ ሲል ውሃ ሲነካው ማፍሰስ ይጀምራል፣ ኩሽኔታውም ምን ያህል እንደሠራ ከላዩ አይታይም።

የ404 ባለቤቶች ሌላ መንገድ አላችሁ፦ የራሳችሁን ፓምፕ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት ጋራዥ) ወስዳችሁ ኩሽኔታና ሲል ማስቀየር። የፓምፑ አካል ካልተሰነጠቀና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) የሚያርፍበት ገጽ ካልተበላ ይህ ከርካሽ አዲስ ፓምፕ ይሻላል፤ ልኩ የራሱ የመኪናው ነውና።

የትኛውንም ብትገዙ የቧንቧ ውሃ አትሙሉበት። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ ብታዩ የሚለጠፈው ነጭ ነገር እሱ ነው። ሲሉ ላይ ሲደርቅ ይፍቀዋል፣ ራዲያተሩንም ይዘጋል። ኩላንትና ዲስትልድ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ከፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ተመልከቱ፤ ሞተሩ ሞቆ ቴርሞስታት (ውሃው ወደ ራዲያተር እንዲያልፍ የሚከፍተው ክፍል) ከተከፈተ በኋላም ከእሷ ጠብታ የሚወርድ ከሆነ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ዕቃውን ወደ ሱቁ መልሱ።