«ኤሊየን»፦ የጠፈር ተሳቢ ነጂዎች

አባቴ የጅቡቲ መስመር ተሳቢ ነጂ ነበር። ቤት ሲመጣ ወሬው ያው ነው፦ አበል ዘገየ፣ ጎማ ፈነዳ፣ ረዳቱ አኮረፈ። «ኤሊየን»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1979 በሠራው በዚህ ፊልም ጠፈር ላይ ያሉት ጀግኖች አይደሉም። ሰባት ተቀጣሪዎች ናቸው። ኖስትሮሞ የምትባለው መንኮራኩር 20 ሚሊዮን ቶን ማዕድን እየጎተተች ወደ ምድር ትመለሳለች። የሞተር ክፍል ሠራተኞቹ ፓርከርና ብሬት ገና ከረጅሙ እንቅልፍ ነቅተው ማዕድ ላይ እንደተቀመጡ የቦነስ ክርክር ይጀምራሉ። የእኛ ድርሻ ለምን አነሰ ነው ነገሩ። ከዚያ ካልታወቀ ቦታ ምልክት ይሰማል። ፓርከር መሄድ አይፈልግም። ውላችሁን እዩ ይባላል፤ ካልሄዳችሁ ክፍያ የለም። ይሄዳሉ፤ ከዚያ ጭራቅ ይዘው ይመለሳሉ። እኔን ከጭራቁ በፊት ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ብሬት፣ ጆንስ የሚባለውን ድመት ፍለጋ፣ ብቻውን የሚገባበትን ትዕይንት ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም። ከጣሪያው ሰንሰለቶች ተንጠልጥለዋል፤ እየተነካኩ ቅጭል ቅጭል ይላሉ። ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ብሬት ቆም ብሎ ፊቱን ቀና ያደርግና ውሃው እንዲወርድበት ይተወዋል። ሲለፋ የዋለ ሰው ነው፤ ለአፍታ ማረፍ አማረው። አባቴ አዋሽ ላይ መኪናውን አቁሞ ከጀሪካን ውሃ አናቱ ላይ ሲያፈስ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ራሳችሁ እዩት።

ጭራቁን የነደፈው ስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ ጊገር ነው፤ ስሙ በየቦታው ይነሳል፤ ይገባዋልም። ልብሱ ውስጥ በአብዛኛው የነበረው ግን ቦላጂ ባደጆ ነው፤ ሎንዶን ውስጥ ይማር የነበረ፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር የሚያልፍ ናይጄሪያዊ። እንቅስቃሴው እርግት እንዲል ታይ ቺ ተማረ። ጅራቱ ወንበር ላይ ስለማያስቀምጠው ልዩ ማረፊያ ተሠራለት። ሌላ ፊልም ሳይሠራ እ.ኤ.አ. በ1992 በ39 ዓመቱ አረፈ። ስሙን እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ፊልሙ እንከን አለው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የተቆረጠ ጭንቅላት ከአሻንጉሊት ወደ ተዋናዩ ሲቀየር በደንብ ያስታውቃል። ጭራቁ የሰው ደረት ቀዶ የሚወጣበት ትዕይንት ግን ዛሬም አላረጀም። ተዋናዮቹ ደሙ ያን ያህል እንደሚረጭ አልተነገራቸውም ነበር፤ ቬሮኒካ ካርትራይት የደነገጠችው የምሯን ነው። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ተዉት። በስልክም አትዩት፤ ፊልሙ ጨለማ ስለሆነ ግማሹ ያመልጣችኋል።

ባለፈው ገና አባቴን አጠገቤ አስቀምጬ አሳየሁት። የሰውዬው ደረት ሲቀደድ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሲያልቅ ዝም ብሎ ቆየና «የሞቱትን ሰዎች ደሞዝ ለቤተሰቦቻቸው ይሰጧቸው ይሆን?» አለኝ።