የበረዶ ግግር ወይስ ፐርማፍሮስት፦ መሬትን ይበልጥ የሚቀርጸው የቱ ነው?

ሁለቱም የብርድ ልጆች ናቸው። አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው።

ጉልበት

የበረዶ ግግር፦ ለብዙ ዓመታት ተከምሮ የጠጠረ ግዙፍ በረዶ ነው። በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። ከሥሩ የያዛቸው ድንጋዮች አለቱን እንደ ሞረድ ይፍቁታል። ጠባቡን የወንዝ ሸለቆ ያሰፋዋል፤ ግድግዳውንም ቀጥ ያደርገዋል። የኖርዌይን ሶግነፍዮርድ እዩ፤ ግግር የቀረጸው፣ ባሕር የገባበት ሸለቆ ነው፤ ጥልቀቱ ከ1,300 ሜትር ያልፋል። ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ፐርማፍሮስት፦ ቢያንስ 2 ዓመት በተከታታይ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያልፍ የቆየ መሬት ነው። እንደ ግግሩ አይጓዝም፤ ሥራው ከውስጥ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አፈሩንም ወደ ላይ ይገፋል። በካናዳ ቱክቶያክቱክ አጠገብ ያለው የኢብዩክ ጉብታ እንዲህ ተገፍቶ ወደ 49 ሜትር ከፍ ብሏል።

ሲቀልጡ

የበረዶ ግግር፦ የቀረጸው ሸለቆ ይቀራል። ሐይቅም ሊሞላበት ይችላል።

ፐርማፍሮስት፦ በውስጡ ብዙ በረዶ ካለ መሬቱ ራሱ ይሰምጣል፤ ቤትና መንገድ ይዞ። እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የትኛው የት ያይላል?

በረዶ በብዛት በሚከመርበት ተራራማ ቦታ ግግሩ ያይላል። ብርዱ በርትቶ በረዶው ግን ጥቂት በሚጥልበት፣ እንደ ሳይቤሪያ ባለ ሜዳ፣ ፐርማፍሮስት ይገዛል።