ፈቃዱ ላይ ስሜ የለም

የካትማንዱ ቱሪስት ሰፈር ታሜል፣ ሆቴል ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ንዴቱ አልበረደልኝም። ልወጣው የመጣሁትን የኔፓል ተራራ፣ ሜራ ፒክን፣ ሳልወጣ ተመለስኩ።

የታሜል አስጎብኚዎችን ታውቋቸዋላችሁ። ጠባብ ደረጃ፣ ግድግዳ ሙሉ የኤቨረስት ፎቶ፣ የወተት ሻይ፣ «ብራዘር» እያሉ ትከሻ መምታት። የእኔው ሰውዬ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ «ኃይሌ!» ብሎ ተነሳ። እኔም ቀለጥኩ። ዱባይ ስንት ወር ያጠራቀምኩትን ዶላር ቆጠርኩለት።

ገና ሲጀመር መንቃት ነበረብኝ። የእግር ጉዞው ወደሚጀመርባት ሉክላ «ከካትማንዱ በቀጥታ ሉክላ» ያለኝ በረራ በሌሊት ሚኒባስ እስከ ራመቻፕ አውሮፕላን ማረፊያ መንገጫገጭ ሆነ። ተጓዥ በሚበዛበት ወቅት አብዛኛው አውሮፕላን የሚነሳው ከዚያ ነው፤ እሱ ደግሞ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ዝም አልኩ።

ከተራራው ሥር ያለችው ማረፊያ ኻሬ ደረስን፤ 5,000 ሜትር አካባቢ ነው። 6,476 ሜትሩ ሜራ ከላያችን ነው። እራት ላይ መሪያችን ሸርፓ የመውጫ ፈቃዱን ከላስቲክ ውስጥ አወጣ። ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አምስት ስም፣ ከየስሙ ጎን የፓስፖርት ቁጥር። የእኔ የለም። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ባዶ ነው። ቀና ብሎ አየኝና እሱ አፈረልኝ።

በሎጁ ዋይፋይ ደወልኩ። ሰውዬው ሳቀ። «ብራዘር፣ ችግር የለም። ራሴን አመመኝ በል፣ ሄሊኮፕተር እልክልሃለሁ። ኢንሹራንስህ ይከፍላል።» እ.ኤ.አ. በ2018 የኔፓል መንግሥት ራሱ መርምሮ ያጋለጠውን የውሸት ነፍስ አድን ንግድ፣ ለእኔ እንደ ውለታ!

በእግሬ ወረድኩ። ዛሬ ጠዋት ቢሮው ሄድኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «አለቃ ፖክሃራ ሄዷል» አለኝ። የአለቃ ጃኬት ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሻይ ይጨሳል።

የሚያናድደኝ ራሴው ነኝ። ራስ ዳሸንን ወጥቻለሁ ብዬ የምጎርር ሰው «እስቲ ፈቃዱን አሳየኝ» ማለት አፈርኩ። ዱባይ አንዲት ክፍል ስከራይ እንኳ ውሉን ሦስቴ ነው የማነበው።

እናንተ ከቀብድ በላይ አትክፈሉ፤ የኔፓል ተራራ መውጣት ማኅበር የሰጠው ፈቃድ ላይ ስማችሁን በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ። እኔ ነገ ጠዋት እዚያው ደረጃ ላይ ነኝ፤ ሻዩ ሳይቀዳ።