በቁጥር ወይስ በመስመር? በታተመ ፕላን ላይ ስኬልን ማሳየት

የሕንፃ ፕላን ላይ ስኬሉን፣ ማለትም ሥዕሉ ከእውነተኛው መጠን ስንት እጥፍ እንዳነሰ፣ «1:100» ብሎ በቁጥር መጻፍ ቀላል ነው፤ ወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በእውን 1 ሜትር ነው ማለት ነው። ቦታ አይፈጅም፤ የስኬል ማስመሪያ የያዘ ሰው ወዲያው ይለካበታል። ችግሩ፣ ቁጥሩ እውነት የሚሆነው ፕላኑ በታሰበለት የወረቀት መጠን ከታተመ ብቻ ነው። ለትልቁ የኤ1 ወረቀት የተሠራ ፕላን አነስ ባለው ኤ3 ላይ ሲታተም ርዝመቱ ሁሉ በግማሽ ይቀንሳል። ስኬሉ 1:200 ሆኗል፤ ጽሑፉ ግን አሁንም 1:100 ይላል። የ5 ሜትር ግድግዳ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይወጣል፤ የሚለካውም ሰው 2.5 ሜትር ብሎ ያነበዋል። ይሄ እንኳ ስለሚያስደነግጥ ቶሎ ይታወቃል። የባሰው ፕሪንተሩ ሥዕሉን ከገጹ ጋር ለማስማማት 3 በመቶ ሲቀንሰው ነው። 10 ሜትሩ 9.70 ይሆናል፤ ማንም ልብ አይለውም።

የመስመር ስኬል እዚህ ጋ ያሸንፋል። ፕላኑ ላይ የተሳለችው፣ በሜትር የተከፋፈለችው መስመር ከሥዕሉ ጋር አብራ ታጥራለች፣ አብራ ትረዝማለች። ለጥቃቅን ልኬት ግን አትመችም።

እኔ ብመርጥ መስመሯን በፍጹም አላስቀርም። ቁጥሩም ይግባ፤ ግን «1:100 በኤ1» ተብሎ፣ ከወረቀቱ መጠን ጋር። ለግንባታ ሥራ ደግሞ ፕላኑ ላይ የተጻፈውን ልኬት እንጂ በማስመሪያ የተለካውን አትመኑ።